«አማተር»ን ማን እንበለው?
የርካሽ ራዲዮ ታሪክና የአንድ ስያሜ ጉዳይ

የሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ የመመለስ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። ተርጓሚው አንድ የባዕድ ቃል ይቀርብለታል፤ መዝገበ ቃላት ይገልጣል፤ ቀረብ ያለውን አቻ መርጦ ያልፋል። ቃሉ የቆመለትን ነገር ታሪክ ለመመርመር ግን ጊዜም ዕድልም እምብዛም አያገኝም። ይህ አሠራር የሚያስከትለውን ስሕተት ለማሳየት ያህል በዚህ ጽሑፍ የአንድ ቃል ታሪክ እናቀርባለን። ቃሉ «አማተር» ነው፤ የምንመለከተውም በራዲዮ ሙያ ውስጥ ባለው አገባቡ ነው።

ምሳሌውን ከሌላ ሰው ሥራ አልወሰድነውም። ከዓመታት በፊት በተካፈልንበት አንድ የመገናኛ ቃላት ረቂቅ ላይ «አማተር ራዲዮ» የሚለውን «የጀማሪ ራዲዮ» ብለን ተርጉመነው ነበር። ረቂቁ ለአስተያየት በተሠራጨ ጊዜ በራዲዮ ጥገና ሥራ የሸመገሉ አንድ ገምጋሚ በወረቀቱ ኅዳግ ላይ «አርባ ዓመት የሠራበትም ሰው ጀማሪ ይባላል እንዴ?» ብለው ጻፉበት። ለጥያቄያቸው መልስ አልነበረንም። መልሱን ስንፈልግ የደረስንበት ታሪክ ከአንድ ቃል ስሕተት ሰፋ ያለ ሆኖ ስላገኘነው፣ ለቋንቋ ባለሙያዎችና ለተርጓሚዎች ይጠቅማል በሚል እምነት እነሆ አቅርበነዋል። የተለየ ነገር ካልተጠቀሰ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ቃሉና ብያኔው

«አማተር» በቅርብ መነሻው የፈረንሳይኛና የእንግሊዝኛ ቃል ሲሆን፣ የሩቅ ሥሩ የላቲኑ «አማቶር» ነው። ትርጉሙም «ወዳጅ»፣ «አፍቃሪ» ማለት ነው። በፈረንሳይኛ የሥዕል አማተር ሲባል ሥዕልን አጥብቆ የሚወድና አበጥሮ የሚያውቅ ሰው ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ ቃሉ «ለክፍያ የማይሠራ» የሚል ትርጉም አከለ። ከዚህም ቀጥሎ «ያልበሰለ፣ ያልተካነ» የሚል ሦስተኛ ትርጉም ተከተለው። ወደ አማርኛ የዘለቀው በአመዛኙ ይህ የመጨረሻው ነው። «አማተር ተዋናይ»፣ «አማተር ከያኒ» ስንል በአእምሯችን የሚመጣው ነገ ባለሙያ ሊሆን የሚችል፣ ዛሬ ግን ገና ያልደረሰ ሰው ነው። «ጀማሪ» የሚለው ትርጉማችን የመነጨውም ከዚሁ ነው።

በራዲዮ ሙያ ግን ቃሉ በሕግ ተበይኗል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የራዲዮ ደንብ ስለ አማተር አገልግሎት የሚሰጠው ብያኔ በጭብጡ ሦስት ነገሮችን ይዟል። አንደኛ፣ የአገልግሎቱ ዓላማ ራስን በራስ ማስተማር፣ እርስ በርስ መገናኘትና ቴክኒካዊ ምርመራ ማካሄድ ነው። ሁለተኛ፣ አማተር የሚባለው በሚገባ ፈቃድ የተሰጠው ሰው ነው። ሦስተኛ፣ ይህ ሰው ለራዲዮ ሙያ ያደረበት ፍላጎት ፍጹም ግላዊ ሲሆን የገንዘብ ጥቅም የማይሻበት መሆን አለበት። አንባቢ እንደሚያስተውለው፣ ከሦስቱ በአንዱም ውስጥ ስለ ሰውየው ችሎታ ማነስ ወይም ስለ ሥራው ገና መጀመር የተባለ ነገር የለም።

በ1951 በአሜሪካ የወጣ አንድ ደንብ ደግሞ ስሕተታችንን ይበልጥ ያጋልጠዋል። የአገሪቱ የመገናኛ ኮሚሽን በዚያ ዓመት በአማተር ፈቃዶች ላይ «ኖቪስ» የሚባል ዝቅተኛ ደረጃ ጨመረ። «ኖቪስ» በቀጥታ «ጀማሪ» ማለት ነው። ጀማሪው ቀለል ያለ ፈተና ያልፋል፤ በደቂቃ አምስት ቃል በሞርስ ምልክት መቀበልና መላክ ይበቃዋል፤ ከ75 ዋት በማይበልጥ ኃይልም እንዲሠራ ይፈቀድለታል። ስለዚህ በረቂቃችን መሠረት ይህን ፈቃድ «የጀማሪ ጀማሪ ፈቃድ» ልንለው ነበር ማለት ነው። አንድ ስያሜ ከጎረቤቱ ስያሜ ጋር ሲቆም የሚያፈርስ ከሆነ፣ ጥፋቱ ከመሠረቱ ነው።

2. በትንሽ ገንዘብ የተከፈተ በር

ማርኮኒ በታኅሣሥ 1901 ከእንግሊዝ አገር ጠረፍ የተላከውን የሞርስ ምልክት ከአትላንቲክ ማዶ በኒውፋውንድላንድ መቀበሉን አስታወቀ። የማሰራጫ ጣቢያው ተራ ሰው ሊያልመው የማይችል ግዙፍ ተቋም ነበር። ይሁን እንጂ ከአራት ዓመት በኋላ ሁጎ ጌርንስባክ የሚባል ከሉክሰምበርግ ወደ ኒውዮርክ የተሰደደ ወጣት፣ «ቴሊምኮ» ብሎ የሰየመውን ማሰራጫና መቀበያ በ8.50 ዶላር ለገበያ አቀረበ። ዕቃው መልእክት ሊያደርስ የሚችለው ቢበዛ አንድ ማይል ያህል ነበር፤ ግን ለማንም ሰው የሚሸጥ ነበር።

በ1906 ደግሞ አንዳንድ ማዕድናት የራዲዮ ሞገድን ወደሚሰማ ድምፅ ለመለወጥ እንደሚያገለግሉ የሚያሳዩ የፈጠራ መብቶች በአሜሪካ ተመዘገቡ። ከዚያ በኋላ መቀበያ ለመሥራት ብዙ ወጪ አላስፈለገም። ጥቂት የእርሳስ ማዕድን፣ ማዕድኑን የሚነካ «የድመት ጢም» የሚባል ቀጭን ሽቦ፣ በክብ የካርቶን ዕቃ ላይ የተጠመጠመ ጥቅል፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ በጣሪያ ላይ የተዘረጋ ሽቦና ወደ መሬት የወረደ ሌላ ሽቦ ይበቃሉ። ይህ መቀበያ ባትሪም ሆነ መብራት አይፈልግም፤ ጉልበቱን የሚያገኘው ከራሱ ከሞገዱ ነው። በ1922 የአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎች ቢሮ ማንም ሰው በቤቱ እንዲህ ያለውን መቀበያ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ መምሪያ አሳትሞ አሠራጭቷል።

በእንግሊዝ አገር በ1904 የወጣው የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ሕግ ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ጣቢያ እንዳያቆም ከልክሎ፣ ዓላማው ሙከራ ማድረግ ብቻ ለሆነ ሰው ግን ፈቃድ እንዲሰጠው ደነገገ። እንግሊዞች ለብዙ ጊዜ እነዚህን ሰዎች የሚጠሯቸው «ሞካሪዎች» እያሉ ነበር። ይህን ስም ልብ ማለት ይገባል፤ ሕጉ ሰዎቹን የለያቸው በዕውቀታቸው መጠን ሳይሆን በሚሠሩት ሥራ ነውና።

3. የተጣለው ሞገድ

የአማተሮች ቁጥር በበዛ መጠን ከባሕር ኃይልና ከንግድ ጣቢያዎች ጋር መጋጨታቸው አልቀረም። በሚያዝያ 1912 «ታይታኒክ» የተባለችው መርከብ ከሰጠመች በኋላ የአየሩ ሥርዓት ማጣት ለአሜሪካ ምክር ቤት ዋና መነጋገሪያ ሆነ። በነሐሴ ወር የወጣው የራዲዮ ሕግም አማተሮችን 200 ሜትርና ከዚያ በታች ወደሆነ የሞገድ ርዝመት አወረዳቸው፤ ኃይላቸውንም በአንድ ኪሎዋት ወሰነው።

በዚያን ጊዜ የነበረው እምነት ሞገዱ በረዘመ ቁጥር ሩቅ ይሄዳል የሚል ነበር። መንግሥታትና ታላላቅ ኩባንያዎች የሚሻሙት በሺህ ሜትሮች በሚቆጠሩት ረጃጅም ሞገዶች ነው። ከ200 ሜትር በታች ያለው ለንግድ የማይረባ፣ ከሰፈር የማያልፍ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። ስለሆነም ሕጉ ለአማተሮች የሰጣቸው ሌላው ያልፈለገውን ነው። ብዙዎች በዚህ ምክንያት ነገሩ በራሱ ጊዜ ይከስማል ብለው ነበር።

የሆነው ግን ሌላ ነው። በ1914 በኮነቲከት ግዛት በሃርትፎርድ ከተማ ሃይራም ፐርሲ ማክሲምና ክላረንስ ተስካ የአሜሪካን የራዲዮ ቅብብል ሊግ መሠረቱ። የማኅበሩ ስም ራሱ የችግሩን መፍትሔ ይናገራል፤ የአንዱ ድምፅ ሩቅ ካልደረሰ ጎረቤቱ ተቀብሎ ያስተላልፋል። በ1917 አሜሪካ ወደ ጦርነት ስትገባ ጣቢያዎቹ ሁሉ ተዘጉ፤ እንደገና ለማስተላለፍ የተፈቀደላቸው በ1919 መጸው ነው።

በታኅሣሥ 1921 ሊጉ ፖል ጎድሊ የተባለ አማተር መቀበያ አስይዞ ወደ ስኮትላንድ ላከ። ጎድሊም በአርድሮሳን ከተማ አጠገብ፣ በባሕር ዳር በተተከለ ድንኳን ውስጥ ሆኖ የአሜሪካን አማተሮች ምልክት ሰማ። በኅዳር 1923 ፍሬድ ሽኔልና ጆን ራይናርትስ ከአሜሪካ፣ ሊዮን ዴሎይ ከፈረንሳይ ኒስ ሆነው በ100 ሜትር ገደማ በሆነ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ በአትላንቲክ ግራና ቀኝ መልእክት ተለዋወጡ። በጥቅምት 1924 ፍራንክ ቤል የተባለ የኒውዚላንድ አማተር በለንደን ሚል ሂል ትምህርት ቤት ከነበረው ወጣት ሴሲል ጎይደር ጋር ተገናኘ። በሁለቱ መካከል የነበረው ርቀት የዓለምን ዙሪያ ግማሽ ሊያህል ምንም አልቀረውም።

ምክንያቱ ቆይቶ ተረጋገጠ። ከምድር በላይ ከፍ ብሎ የሚገኘው በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ንጣፍ አጭሩን ሞገድ እያጠፈ ወደ ምድር ይመልሰዋል፤ ስለዚህ በአነስተኛ ኃይል የተላከ ምልክት ከአገር አገር ይዘልላል። ይህ እንደታወቀ የተናቀው ሞገድ ተፈላጊ ሆነ። የእንግሊዝ መንግሥት ከ1926 ጀምሮ ከግዛቶቹ ጋር በአጭር ሞገድ መገናኘት ጀመረ። በ1927 በዋሽንግተን የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የራዲዮ ጉባኤ አጭሩን ሞገድ ለልዩ ልዩ አገልግሎቶች ሲከፋፍል ለአማተሮች የተተወላቸው የተወሰኑ ጠባብ መስመሮች ነበሩ። ያም ሆኖ በሕግ የታወቀ የራሳቸው ድርሻ አገኙ።

ይህ ታሪክ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ መስሎ እንዳይታይ አንድ ነገር እናስታውስ። «አጭር ሞገድ፣ 31 ሜትር ባንድ» የሚለውን አነጋገር ያልሰማ የእኛ ትውልድ ሰው የለም። ከ1963 እስከ 1977 ከአዲስ አበባ ይተላለፍ የነበረው የብሥራተ ወንጌል ድምፅ፣ በ1965 የተጀመረው የዶይቼ ቬለ የአማርኛ ፕሮግራም፣ በ1982 የተጀመረው የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ፕሮግራም በየቤታችን የገቡት በአጭር ሞገድ ነበር። የሚራቡት ሞገዶች ሩቅ እንደሚደርሱ በተግባር ካሳዩት መካከል ግን አማተሮቹ ቀዳሚውን ቦታ ይይዛሉ።

4. የተጣለው ቃል

እስካሁን ያየነው የሞገዱን ታሪክ ነው። የቋንቋ ባለሙያውን ይበልጥ የሚያስደንቀው ደግሞ የአማተሮቹ ቃላትም በተመሳሳይ መንገድ መሄዳቸው ነው።

እንግሊዝኛ ተናጋሪ አማተሮች ራሳቸውን «ሃም» ብለው ይጠራሉ። ቃሉ ከሦስት ሰዎች ስም መነሻ ፊደላት የተገኘ ነው እየተባለ ሲተረክ ይሰማል፤ ይህ ግን ከጊዜ በኋላ የተፈጠረ የሕዝብ ሥርወ ቃል ነው። እውነቱ «ሃም» ራዲዮ ከመፈልሰፉ በፊት በሽቦ ቴሌግራፍ ሠራተኞች ዘንድ እጁ የከበደ፣ ምልክት መምታት የማይችል ሰው የሚሰደብበት ቃል መሆኑ ነው። የንግድ ጣቢያዎች ሠራተኞች ስድቡን በአማተሮቹ ላይ አዋሉት። አማተሮቹ ግን ስድቡን ወስደው መጠሪያቸው አደረጉት። ሌላው የጣለውን ሞገድ እንዳነሡ፣ ሌላው የወረወረውን ቃልም አነሡ።

ሌሎች ቃሎቻቸውም እንዲሁ ከጎረቤት የተወሰዱ ናቸው። «73» የሚለው ቁጥር «መልካም ሰላምታ» ማለት ሲሆን የመጣው ከሽቦ ቴሌግራፍ የቁጥር ምሕጻር ነው። «ሲ-ኪው» የሚለው ጥሪም የቴሌግራፍ ውርስ ነው፤ «የምትሰሙ ጣቢያዎች ሁሉ» ማለት ነው። ለማን እንደሚደርስ ሳይታወቅ ወደ አየር ይለቀቃል፤ የሰማው ይመልሳል። አዋጅ ነጋሪው «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ሲል ከሚፈጽመው ተግባር ጋር ዝምድና አለው።

በ«ኪው» ፊደል የሚጀምሩት ባለሦስት ፊደል ምሕጻሮች ደግሞ በ1909 ገደማ በእንግሊዝ መንግሥት ለመርከቦች ተዘጋጅተው በ1912 በለንደን ጉባኤ ዓለም አቀፍ ሆኑ። ለምሳሌ «ኪው-ኤስ-ኤል» ያለ ጥያቄ ምልክት ሲላክ «መልእክትህ ደርሶኛል» ማለት ነው፤ የጥያቄ ምልክት ሲከተለው «ደርሶሃል?» ይሆናል። «ኪው-አር-ፒ» «ኃይል ቀንስ» ማለት ነበር፤ አማተሮች ግን በጣም ትንሽ በሆነ ኃይል፣ በተለምዶ ከ5 ዋት ባልበለጠ፣ የመሥራትን ፈሊጥ ሰየሙበት። ትእዛዝ የነበረው ቃል የአንድ የአሠራር ስልት መጠሪያ ሆነ። ይህን ለውጥ ያወጀ ጉባኤ የለም። በሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ያስፈለጋቸውን ቃል ካገኙበት አንሥተው ለራሳቸው ጉዳይ አዋሉት።

ከዚህ ለስያሜ ሥራችን የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። እኛ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ከግእዝ ሥር ቃል ከማውጣታችን በፊት፣ ዕቃውን በእጁ የሚነካው ሰው ምን እንደሚለው መጠየቅ ይኖርብናል። በረቂቃችን ኅዳግ ላይ የጻፉት ገምጋሚ ያስተማሩንም ይህንኑ ነው።

5. ጀማሪው ምን ያስፈልገዋል? ስያሜውስ?

ዛሬም ቢሆን አንድ ሰው ወደዚህ ሥራ ለመግባት ብዙ ሀብት አያስፈልገውም። የመጀመሪያው እርምጃ ማዳመጥ ነው። አጭር ሞገድ የሚይዝ ተራ ራዲዮና ጥቂት ሜትር ሽቦ ይበቃል። ቀጥሎ ጥናትና ፈተና ይመጣል። በአሜሪካ የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና 35 ጥያቄዎች ሲኖሩት 26ቱን የመለሰ ያልፋል፤ ከ2022 ወዲህ ለፈቃዱ የሚከፈለው 35 ዶላር ነው። በ2003 የተካሄደው የዓለም የራዲዮ ጉባኤ የሞርስ ፈተናን ግዴታነት ካነሣ በኋላ አገሮች በየተራ ፈተናውን አስቀርተዋል፤ አሜሪካ ያስቀረችው በ2007 ነው።

ዕቃውም ቢሆን ሁልጊዜ ርካሽ መንገድ አላጣም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አማተሮች ከጦር ሠራዊት የተረፉ መቀበያዎችንና ማሰራጫዎችን በጥቂት ዶላር እየገዙ ለራሳቸው ሥራ ይለውጧቸው ነበር። ዛሬ በእጅ የሚያዙ የቻይና መገናኛዎች ከአንድ ጫማ ባነሰ ዋጋ ይሸጣሉ። አንቴናን የመሰለ ርካሽ ነገርም የለም። በ40 ሜትር ባንድ የሚሠራ የግማሽ ሞገድ አንቴና ወደ 20 ሜትር የሚጠጋ ተራ ሽቦ ነው፤ መሐሉ ላይ ተቆርጦ ከመጋቢ መስመር ጋር ይገናኛል። ለሌላ መስመር ርዝመቱን ለማወቅ 143ን በሜጋኸርዝ ለተገለጸው ድግግሞሽ ማካፈል ነው፤ የሚገኘው ውጤት ሜትር ነው። ዕቃው መርከሱ ግን ፈቃድን አያስቀርም፤ ያለ ፈቃድ ማስተላለፍ በብዙ አገር ያስቀጣል።

ይህን ሁሉ በአማርኛ ለማስረዳት የሞከረ ተርጓሚ ሦስት እንቅፋቶች ይገጥሙታል።

የመጀመሪያው በማዕድን የሚሠራው መቀበያ ነው። ቃል በቃል «የድንጋይ ራዲዮ» ልንለው ይዳዳን ይሆናል። ነገር ግን አማርኛ ተናጋሪው «ድንጋይ» የሚለውን በራዲዮ ረገድ ከያዘው ቆይቷል፤ «ባትሪ ድንጋይ» ነው። ስለዚህ «የድንጋይ ራዲዮ» የሚል ሰው የሚረዳው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ራዲዮ ማለት ይሆናል። የታሰበው ዕቃ ደግሞ ዋና ባሕርይው ባትሪ አለመፈለጉ ነው። በመሆኑም «የክሪስታል መቀበያ» የሚለው ውሰት ይሻላል።

ሁለተኛው አማተሩ የሚጠራበት የፊደልና የቁጥር መለያ ነው። ከ«ጠራ» «መጥሪያ» ብንል ሥርዓተ ቃሉ አይነቀፍም፤ ዳሩ ግን «መጥሪያ» የፍርድ ቤት ወረቀት ነው። ከባህላችን ቀረብ የሚለው የፈረስ ስም ነው። አፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ አፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» እየተባሉ በጦር ሜዳ እንደሚጠሩ፣ አማተሩም በአየር ላይ ከክርስትና ስሙ የተለየ መጠሪያ አለው። ልዩነቱ ይህኛው በመንግሥት የሚሰጥና የአገሩን ምልክት የያዘ መሆኑ ነው። ለኢትዮጵያ ከተመደቡት መነሻዎች አንዱ «ኢ-ቲ» ነው፤ ከፍ ብሎ የተጠቀሰው የብሥራተ ወንጌል ድምፅ መለያ «ኢ-ቲ-ኤል-ኤፍ» እንደነበር፣ በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘው የአማተሮች ክለብ ጣቢያ መለያም «ኢ-ቲ-3-ኤ-ኤ» ነው። ለስያሜው «የጥሪ ምልክት» የሚለው ሐረግ ግልጽና ከስሕተት የራቀ ሆኖ አግኝተነዋል።

ሦስተኛውና ዋናው «አማተር» ራሱ ነው። «ጀማሪ» ለምን እንደማይሆን አይተናል። «ራዲዮ አፍቃሪ» ከላቲኑ ሥር ጋር ይስማማል፤ ነገር ግን «የእግር ኳስ አፍቃሪ» ማለት ተመልካቹ እንጂ ተጫዋቹ እንዳልሆነ ሁሉ «ራዲዮ አፍቃሪ»ም አድማጭ ሆኖ ይቀራል። «ኢሙያዊ» ደግሞ ከሙያ ሥነ ምግባር የወጣ ድርጊት መግለጫ ሆኗል። «የትርፍ ጊዜ ራዲዮ» የሚል ሐሳብም ቀርቦልን ነበር። ይህኛው አሳሳችነቱ ረቀቅ ያለ ነው። «ትርፍ» በአማርኛ የተረፈም የተገኘ ገንዘብም ነው። ብያኔው «ትርፍ የማይፈለግበት» ብሎ የሚደነግገውን ሥራ «የትርፍ ጊዜ» ብሎ መሰየም በሕግ ጽሑፍ ውስጥ ክርክር ይጋብዛል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ወደ ብያኔው ልብ የሚቀርበው በስያሜው ውስጥ ያልነበረ ቃል ነው፤ እርሱም «ፈቃድ» ነው። በግእዝ «ፈቀደ» ፈለገ፣ ወደደ ማለት ነው። በአማርኛ ግን በአመዛኙ መፍቀድን፣ ማሰናበትን ያመለክታል። ስሙ ሁለቱንም ይዞ ቀርቷል፤ «በገዛ ፈቃዱ» ስንል ፍላጎቱን፣ «የመንጃ ፈቃድ» ስንል የመንግሥትን ይሁንታ እንላለን። ሌሎች ቋንቋዎች በሁለት ቃል የሚለዩትን የአማተርነት ሁለት ምሰሶ፣ የግል ፍላጎትንና የሕግ ይሁንታን፣ አማርኛ በአንድ ቃል ይሸከመዋል። ስለዚህ ቃሉን ለስያሜው ባናውለውም ለብያኔው ከእርሱ የተሻለ አናገኝም።

6. የቀረበ ሐሳብ

ከዚህ በላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የቀድሞውን ረቂቃችንን ሽረን የሚከተለውን እናቀርባለን።

አማተር (ራዲዮ)፦ ለገንዘብ ጥቅም ሳይሆን በገዛ ፈቃዱ፣ ሕጋዊ ፈቃድ አግኝቶ፣ ለመማር፣ ለመገናኘትና ለመመራመር የራዲዮ ጣቢያ የሚሠራ ሰው። የችሎታ ደረጃን አያመለክትም።

ጀማሪ አማተር፦ በአማተርነት የመጀመሪያውን የፈቃድ ደረጃ የያዘ።

የጥሪ ምልክት፦ ለአንድ ጣቢያ በመንግሥት የተሰጠ የፊደልና የቁጥር መለያ።

የክሪስታል መቀበያ፦ ማዕድንን እንደ ሞገድ ለዋጭ የሚጠቀም፣ ባትሪ የማይፈልግ መቀበያ።

የግማሽ ሞገድ አንቴና፦ ርዝመቱ የሞገዱን ግማሽ የሚያህል፣ መሐሉ ላይ ከመጋቢ መስመር ጋር የሚገናኝ የሽቦ አንቴና።

ዝቅተኛ ኃይል ግንኙነት፦ በተለምዶ ከ5 ዋት በማይበልጥ ኃይል የሚደረግ ግንኙነት፤ በምሕጻር «ኪው-አር-ፒ»።

«ሲ-ኪው»፣ «73» እና በ«ኪው» የሚጀምሩት ምሕጻሮች ግን እንዳሉ ቢቀመጡ ይሻላል እንላለን። የተፈጠሩት በተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ያለ አስተርጓሚ እንዲግባቡ ነው፤ ብንተረጉማቸው የተፈጠሩበትን ጉዳይ እናጠፋለን። ተርጓሚ መተርጎም የሌለበትን ማወቁም የሙያው ክፍል ነው።

«አማተር»ን በውሰት መያዛችን አማርኛን ማድከም የሚመስላቸው አንባቢዎች እንደሚኖሩ እናውቃለን። በእኛ አስተያየት ቋንቋን የሚያደክመው በውሰት የመጣ ቃል ሳይሆን በውስጡ ያለው ፅንሰ ሐሳብ የተሳሳተ የአገር ቃል ነው። «ጀማሪ» ብለን ስንጽፍ ሥራው ለልጆች መጫወቻ ነው የሚል ፍርድ ሳናስበው አብረን ጽፈን ነበር። እንዲህ ያለ ቃል ወደ መመሪያ ወይም ወደ ሕግ ቢገባ፣ ፈቃድ ሰጪው ባለሥልጣን አመልካቹን የሚያይበትን ዓይን ይወስናል። በ1912 የወጣው ሕግ አማተሮቹን ወደ ተናቀው ሞገድ ሲያወርዳቸው የረዳው ይኸው ዓይን ነበር፤ ሆኖም ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የዓለምን ዳር ከዳር ያገናኙት እነርሱ ሆኑ።

ለገምጋሚያችንም የዘገየ መልሳችንን እነሆ፦ አርባ ዓመት የሠራው ሰው አማተር ነው፤ ጀማሪ የነበረው በመጀመሪያው ፈቃድ ላይ ሳለ ብቻ ነው። በየጥገና ቤቱና በየቤተ ሙከራው የሚሠራባቸው ሌሎች የራዲዮ ቃላት ያሏችሁ አንባቢዎች፣ ቃሉን ከነአገባቡና ከሚነገርበት ቦታ ጋር እንድትልኩልን እንጠይቃለን።